የሁለት ሳምንት ጉዞ፣ የአንድ ወር ማጣሪያ

የውጭ አገር ተማሪዎች ለበጎ ፈቃድ ሥራ ገጠር ሲወርዱ ከሚሰማሩባቸው ሥራዎች አንዱ ባዮሳንድ የሚባለው የአሸዋ ውሃ ማጣሪያ ተከላ ነው። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ዴቪድ ማንዝ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ያበጀው ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ መብራት አይፈልግም፣ ፎቶም ያምርበታል። ሰሞኑን እያሰብኩ ያለሁት ግን ስለ ቀኑ ነው። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ አሸዋው አናት ላይ ተህዋስያንን የሚበላው ሕያው ሽፋን እስኪጎለብት ደግሞ እስከ 30 ቀን ይፈጃል። ማጣሪያው በወጉ የሚሠራው እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

የማጣሪያው ሳጥን የሚሠራበት ኮንክሪትም አይቸኩልም። ሳጥኑ ከፎርም (ኮንክሪቱ ከሚፈስበት ቅርጽ) ከወጣ በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ስለዚህ ሙሌቱን የአካባቢው ባለሙያ ቀድሞ ይጨርሰው፤ ለተማሪዎቹ አሸዋው ይበቃቸዋል።

የ0.7 ሚሊሜትር ወንፊት ያለፈው አሸዋ ይታጠባል። የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ውሃው ኩልል እስኪል ካጠበ ደቃቁ አብሮ ይሄድና ማጣሪያው ውሃውን ሳይዘው ያሳልፈዋል። ብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውሃ እኩል አድርጎ መናጥ፣ ከዚያ 3 ወይም 4 ሰከንድ ጠብቆ ማየት ነው፤ ውሃው ደፍረስ ብሎ የአሸዋው ገጽ ለጥቂት ከታየ በቂ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ሁልጊዜ ውሃ ይቀድማል፣ አሸዋ ይከተላል፤ አለዚያ አየር ይታፈናል። ሲያልቅ ሳጥኑን ሞልቶ መውጫው ስር የ1 ሊትር ጠርሙስ መደገን፤ 2 ደቂቃ ተኩል ገደማ ከፈጀ ደህና ነው።

ፍሰቱ ሲቆም ከአሸዋው በላይ 5 ሴንቲሜትር ውሃ መቅረት አለበት። መውጫው ላይ ቧንቧ የሚገጥም አባወራ ግን አይጠፋም (ማን ይፈርድበታል?)። ቧንቧው ሲዘጋ ውሃው ከፍ ብሎ ይቀራል፣ ሽፋኑም ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል።

እኔ ብጠየቅ ከተማሪዎቹ የቲሸርት በጀት ቀንሼ፣ በወሩ ቤት ለቤት ለሚዞር የሰፈሩ ሰው አበል እይዝ ነበር። ቤተሰቡ ደግሞ የተጣራውን ውሃ በክሎሪን፣ እኛ አገር ከሆነ በውሃ አጋር፣ እያከመ ይጠጣል። ዟሪው የቆሻሻውና የንጹሑ ጀሪካን መለየቱን ያያል። ፍሰቱ ከደከመ የላይኛውን ውሃ በመዳፍ ቀስ አድርጎ አማስሎ ድፍርሱን በኩባያ እየቀዱ መድፋት ያሳያል። አሸዋውን አውጥቶ ማጠብ ግን ሌላ 30 ቀን መጠበቅ ነው።