ሰልፍ ወይስ ችሎት? የሞንትጎመሪን ክርክር እንዴት እንዳዘጋጀሁት

«በአሜሪካ የዘር መድልዎን ያሸነፈው ሰላማዊ ትግል ነው ወይስ ፍርድ ቤት?» የሚል ሰፊ ርዕስ ተከራካሪዎችን አያገናኝም። አንዱ የሰላማዊ ትግሉ መሪ ስለነበረው ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግሮች ያወራል፣ ሌላው በትምህርት ቤቶች መለያየትን ስለ ሻረው የ1954ቱ የብራውን ውሳኔ፤ በዚሁ ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ ክርክሩን ጥቁሮች የአውቶቡስ መድልዎን ተቃውመው አንሳፈርም በማለት አድማ በመቱባት በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ወሰንኩት፤ ርዕሱም «አውቶቡሶቹን ነፃ ያወጣው ክሱ እንጂ አድማው አይደለም» ሆነ። በየወገኑ ሦስት ተናጋሪ፣ ለእያንዳንዱ 4 ደቂቃ፣ ከየንግግሩ በኋላ 2 ደቂቃ መስቀለኛ ጥያቄ።

ከሳምንት በፊት ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት የቀን ዝርዝር ይደርሳቸዋል (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 በአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ያለችው ሮዛ ፓርክስ ታሰረች፤ ዲሴምበር 5 አድማው ተጀመረ። ጃንዋሪ 30 ቀን 1956 የኪንግ ቤት በቦምብ ተመታ፤ ፌብሩዋሪ 1 ጠበቃው ፍሬድ ግሬይ በከተማዋ አውቶቡሶች መለያየትን የሚቃወመውን «ብራውደር በጌይል ላይ» የተባለ ክስ በፌዴራል ፍርድ ቤት መሠረተ። ጁን 5 ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት 2 ለ 1 በሆነ ድምፅ ለከሳሾቹ ፈረደ፤ ኖቬምበር 13 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አጸናው። ትእዛዙ ከተማዋ የደረሰው ዲሴምበር 20 ነው።

የክሱ ወገን ትልቁ ጉልበት ኖቬምበር 13 ላይ ነው። ከተማው አድማተኞቹ በአውቶቡስ ፋንታ የሚጓጓዙበትን የመኪና ስምሪት ለማሳገድ ወደ አላባማ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር፤ ኪንግ እዚያው ችሎት ተቀምጦ ሳለ የዋሽንግተኑ ውሳኔ ተሰማ። የስምሪቱ እግድም በዚያው ቀን ተሰጠ። ያ ውሳኔ ባይመጣ ሕዝቡ ያለ መኪና የብርዱን ወራት ይገፋው ነበር ወይ? ይህን የማይጠይቅ ተከራካሪ ዋናውን ጥይት ሳይተኩስ ይወርዳል። ሌላም አለ፦ አድማው ሲጀመር የተጠየቀው መለያየቱ እንዲቀር አልነበረም። የተጠየቀው ጥቁሮች ከኋላ፣ ነጮች ከፊት ጀምረው በአመጣጣቸው ቅደም ተከተል እንዲቀመጡ ብቻ ነበር፤ ከተማው ይህንንም እንቢ አለ።

የአድማው ወገን መልስ ግን ከባድ ነው። በ1946 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት በሚሄዱ አውቶቡሶች መለያየትን በሞርጋን ጉዳይ ሽሮ ነበር፤ ደቡቡ ግን ጥቁርና ነጭ ሆነው በአንድ አውቶቡስ በመጓዝ መለያየቱን እስከ ተፈታተኑት እስከ 1961ዱ የነፃነት ተጓዦች ድረስ እንዳልሰማ ሆነ። ብራውንም ከተፈረደ ከ10 ዓመት በኋላ በቀድሞዎቹ የኮንፌዴሬሽን (የደቡብ) ክፍለ ግዛቶች ከነጮች ጋር የሚማረው ጥቁር ልጅ ከመቶ አንድ ገደማ ነበር። ክሱን ከጀመሩት አምስት ሴቶች አንዷ ዛቻና ጫና በዝቶባት ወጣች፤ አራቱ ጸኑ። በዚያ ፍርሃት መሐል ከሳሽን የሚያጸናው ከጀርባ የቆመ ሕዝብ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ፤ ተማሪው ግን በማስረጃ ማሳየት አለበት።

በብዛት የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። ብዙዎች ሮዛ ፓርክስን ከሳሽ ያደርጓታል። አልነበረችም፤ የእሷ የወንጀል ይግባኝ በአላባማ ፍርድ ቤት ስለነበር ግሬይ ጉዳዮቹ እንዳይጠላለፉ ከክሱ ውጭ አቆያት። ከሳሾቹ ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ ክሎዴት ኮልቪንና ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ ናቸው። ሁለተኛው ስብከት ነው፤ «ሰላማዊ ትግል ልብን ይለውጣል» ላለ ተናጋሪ የክርክሩ ዳኛ «የማንን ትእዛዝ፣ በየትኛው ቀን?» ብሎ ይጠይቀዋል።

ከ10 ነጥብ 6ቱን ለምክንያትና ውጤት ትስስር እሰጣለሁ። በሁለተኛው ዙር ወገን ይለዋወጣሉ፤ ለዝግጅት 15 ደቂቃ ይበቃል፣ የቀን ዝርዝሩ ከእጃቸው አይወሰድም።