የቪክቶሪያ ኬንትን ሕይወት ለሥልጠና ስጽፍ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር

ለማረሚያ ቤት ሠራተኞች ሥልጠና የአንድ ፖለቲከኛ ሕይወት ጻፊ ስባል ስፔናዊቷን ቪክቶሪያ ኬንትን መረጥኩ። በእኛም ማረሚያ ቤቶች ከእናቶቻቸው ጋር የሚያድጉ ሕፃናት አሉ። እሷ ደግሞ እነሱን አስባ እስር ቤት ያሠራች ሴት ናት።

መረጃ መሰብሰቡ አላስቸገረኝም። ማላጋ ተወለደች፤ መጀመሪያ መምህርት፣ ቀጥሎ ጠበቃ ሆነች። በ1931 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሪፐብሊኩ ሲታወጅ የአገሪቱ እስር ቤቶች ዋና ዳይሬክተር ሆና ተሾመች። 114 ትንንሽ እስር ቤቶችን ዘጋች። ምግቡን አሻሻለች፣ ጋዜጣ እንዲገባ ፈቀደች። እግር ብረቱን ሰብስባ አስቀለጠች፤ ከእሱም ለእስረኞች ስትሟገት ለኖረችው ለኮንሴፕሲዮን አሬናል መታሰቢያ አሠራች። ማድሪድ ላይ ያስጀመረችው የቬንታስ የሴቶች እስር ቤት እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ክፍል ነበረው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ወዶታል። ከዚያ ጽሑፉ እንዲጸድቅ ወደ አንድ ኃላፊ ሄደ።

ሲመለስ ሦስት ቦታ በቀይ ተሰርዟል። አንደኛው በ1931 ሴቶች እንዲመርጡ የሚለውን ሐሳብ መቃወሟ ነው። ሁለተኛው በ1932 ከሥልጣን መልቀቋ። ሦስተኛው ቬንታስ ከ1939 በኋላ የደረሰበት። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ «ወይዘሮ፣ እኛ የምንፈልገው አርአያ ነው። ይሄ ሠራተኛውን ተስፋ ያስቆርጣል» አሉኝ። ቢሯቸው ተመላለስኩ። አንዴ ስብሰባ፣ አንዴ መስክ፣ አንዴ ደግሞ «ፋይሉ ሌላ ክፍል ነው»። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የተሰረዘው እኮ የትምህርቱ እምብርት ነው! ኬንት ለምን ለቀቀች? የድሮዎቹን ጠባቂዎች በአዲስ፣ በሠለጠነ ሰው መተካት ፈልጋ መንግሥት ስላልደገፋት ነው። እስረኛ ባመለጠ ቁጥር ጋዜጣው እሷን ይወቅስ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አዛኛ ራሳቸው ሰብዓዊነት አበዛች፣ የማዘዝ ችሎታ ግን የላትም ብለው በማስታወሻቸው ጽፈዋል። አንድ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ይህን ካላወቀ ስለ እግር ብረቱ መቅለጥ ቢሰማ ምን ይጠቅመዋል?

የቬንታስ ደግሞ ይብሳል። ለ500 ያህል ሴቶች የታሰበው ግቢ፣ ጄኔራል ፍራንኮ በእርስ በርስ ጦርነቱ ሪፐብሊኩን ካሸነፈ በኋላ በሺዎች ታጨቁበት። ሕፃናት እዚያው ሞቱ። አሥራ ሦስት ወጣት ሴቶች ከዚያ ተወስደው ኦገስት 5 ቀን 1939 ተረሸኑ። ጥሩ ሕንፃ ብቻውን ሕፃን እንደማያድን የሚያሳይ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የት አለ?

የሚገርመው ከተሰረዘው ወዲያ ያለው ሕይወቷ አልተነካም። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ፓሪስ ሆና የስፔን ስደተኛ ሕፃናትን ተንከባክባለች። ናዚዎች ሲገቡ እዚያው ተደብቃ ተረፈች፣ ሜክሲኮ አስተማረች፣ በ1987 ኒው ዮርክ አረፈች። ግን ለምን እንደተሰደደች የሚነግረው ክፍል ከሌለ ይህ ሁሉ አየር ላይ ይንጠለጠላል።

የተቆረጠው ጽሑፍ ላይ ስሜ እንዳይወጣ ጠየቅኩ። ሥልጠናው ላይ ግን ሙሉውን በቃል ተናገርኩ፤ በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። አንዲት ጠባቂ ገና ስለ እግር ብረቱ ሳወራ እጇን አውጥታ «ጠባቂዎቹስ ምን አሉ?» ብላ ጠየቀች። የቀረው ሰዓት በዚህ ጥያቄ ላይ አለቀ፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ግን አላየሁም።

እንዲህ ያለ ሥራ ከተሰጣችሁ፣ መመሪያው «በስኬት ጀምሩ» ቢልም እናንተ ከመልቀቂያዋ ጀምሩ። ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ጽሑፉን የመቁረጥ ሥልጣን ያለው ማን እንደሆነ በደብዳቤ አስጽፉ። በቃል የተሰጠ «ችግር የለም» አትቀበሉ።