ስም ጥሪው እንዳይቀር

ባለፈው እሁድ በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት አባል ተነስቶ ሁለት ሐሳብ አቀረበ። አንደኛ፣ መዋጮው በቴሌብር ይከፈል። ሁለተኛ፣ የቀብር ስም ጥሪና መቅጫ ይቅር። «ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ወዶ መሆን አለበት እንጂ ተገዶ አይደለም» አለ። ተጨበጨበለት። እኔ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ስለነበር አልተናገርኩም። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ቴሌብሩ ይሁን። እኔም ደረሰኝ ከመቁረጥ እገላገላለሁ። በስም ጥሪው ግን አልስማማም። ነገሩ የሚጀምረው ከአባቴ ለቅሶ ነው።

አባቴ ያረፈው በ2009 ዓ.ም ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ። ሊነጋጋ ሲል የጥሩንባ ነፊያችን ድምፅ በሰፈሩ ተሰማ። የሰው ሞት ሲለፈፍ ስንቴ ሰምቻለሁ። የገዛ አባትን ስም በዚያ ድምፅ መስማት ግን ሌላ ነው። ጉልበቴ ከዳኝ። 1 ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ብርጭቆው በጋሪ ተጭኖ ደጃችን ደረሰ።

አዳማን የሚያውቅ ነፋሷን ያውቃል። እነዚያ ትልልቅ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አጠገቧ የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያን ቀን ጠዋት ነፋስና ዝናብ አብረው መጡ። የሰፈራችን መንገድ ደግሞ ኮብልስቶን ከተነጠፈ ወዲህ ካስማ አይገባበትም። ገመዱ የሚታሰረው አሸዋ በተሞላ ማዳበሪያ ላይ ነው። ማዳበሪያው እስኪመጣ አንድ የማላውቀው ሰው የመሀሉን ምሰሶ አቅፎ ቆመ። ሸራው እየተነፋ ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ እሱ ወደ ታች ይይዘዋል። ውሃው በአንገቱ ይወርዳል። ጣቶቹ ጥቁር ነበሩ። ጎሚስታ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ከዚያ ቦታ አልተነቃነቀም።

ከአዲስ አበባ የመጡት ጓደኞቼ ቀብሩ እንዳለቀ ማታውኑ ተመለሱ። አልተቀየምኳቸውም፣ ሥራ አለባቸው። ጎሚስታው ግን ድንኳኑ ውስጥ አደረ። የማደር ተራው ነበር። በማግስቱ ተራው አልነበረም፤ እሱ ግን አደረ።

ከ2 ዓመት በኋላ ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ የመቅጫ መዝገቡ እጄ ገባ። ስሙን አገኘሁት። ከአባቴ ለቅሶ በፊት 3 ጊዜ በቀሪነት ተቀጥቷል። አንድ ቀን የወንድሜን ባጃጅ ጎማ ላስጠግን ሄጄ ጠየቅኩት።

«እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ የመጣሁት አራተኛ መቅጫ ፈርቼ ነው» አለኝ። «ስሜ ተጠርቶ ልሄድ ስል እናትሽ እጄን ያዙኝ። ልጄ በስብሰሃል፣ የእሱን ሹራብ ልበስ አሉኝ። የሟቹን ሹራብ ለብሼ ወዴት እሄዳለሁ?»

መቅጫው ያመጣው እስከ በሩ ድረስ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን እናቴ ጨረሰችው። እስከ በሩ የሚያመጣው ነገር ባይኖር ግን ያ ሰው እናቴን፣ እናቴም እሱን አያውቁም ነበር። ወዳጅ በፍቅር ይመጣል፣ ለዚያ እድር አያስፈልግም። እድር የሚያስፈልገው ለማያውቁት ሰው ነው።

መሥራቾቹም ይህን የተረዱ ይመስለኛል። የመጀመሪያው መዝገባችን የተከፈተው በ1963 ዓ.ም ነው። ሽፋኑ ላይ «ናዝሬት» ይላል፤ አዳማ የሚለው ስም የተመለሰው በ1992 ዓ.ም ነውና። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሥራው ተጽፏል፤ የባቡር ጣቢያ ጫኝ፣ ሾፌር፣ ልብስ ሰፊ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ። ከጉራጌ፣ ከመንዝ፣ ከአርሲ፣ ከሐረር የመጡ ናቸው። አዳማን ያሳደጋት ባቡሩ ነው። ወንጂም በ1946 ዓ.ም ስኳር ማምረት ሲጀምር ከየአገሩ ሰው ተሰበሰበ። እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው ሲሞት ሬሳ የሚሸከምለት ወንድም አጠገቡ የለውም። እነዚህ ሰዎች ዝምድናን በመተዳደሪያ ደንብ ሠሩት። የደንቡ አንቀጽ 4 ስለ ገንዘብ አይደለም፤ «አባል የሆነ ሁሉ ቀብር ላይ ስሙ ሲጠራ አቤት ይላል» ነው የሚለው።

ዛሬም ስብሰባችን ላይ እድሩን እድር ብሎ የሚጠራውም በኦሮምኛ አፎሻ የሚለውም አለ። የሙስሊም አባሎቻችን ድስቶች ለብቻቸው ናቸው፣ እጀታቸው ላይ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል።

ስም ጥሪ ቢቀር ምን እንደሚመስል ደግሞ አይተነዋል። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ጊዜ መሰብሰብ ሲከለከል ድንኳኑ መጋዘን ቀረ። በዚያ መሀል የአንዲት አባላችን ባል አረፉ። ጥቂት ሰው ቀበራቸው። ገንዘብ ያዣችን ሙሉውን ብር በፖስታ አሽጎ በር ላይ አስረከባቸው። ከወራት በኋላ ሲያገኙኝ «ብሩ ደርሶኛል ልጄ። ሰው ግን አልደረሰኝም» አሉኝ። ይህን ሲሉ እያማረሩ አልነበረም። እንዲያው ነገሩኝ። ወጣቱ ያቀረበውን ሐሳብ ስጽፍ እጄን የያዘኝ ይህ ንግግር ነው።

የወጣቱ ቅሬታ መሠረት የለውም አልልም። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩ ልጆች አሉን። ቀብር በ6 ሰዓት ከሆነ አለቃቸው አይለቃቸውም። ደሞዛቸው ይቆረጣል፣ በላዩ መቅጫ ይመጣል። ይህ ግፍ ነው፣ መስተካከል አለበት። የእኔ ሐሳብ ስም ጥሪው ሁለት እንዲሆን ነው። አንዱ ቀብር ላይ፣ አንዱ ማታ 1 ሰዓት ድንኳኑ ውስጥ። ከሁለቱ በአንዱ የተገኘ አይቀጣ። የታመመ ወይም አራስ ያለበት ቤት ምትክ ሰው ይላክ። የመቅጫው ብር ቢቀነስም ግድ የለኝም፣ 10 ብርም ይሁን። ብቻ ስም ይጠራ፣ ሰው «አቤት» ይበል።

በጽሑፍ አዘጋጅቼ ለእድሩ ዳኛ ሰጥቻለሁ። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ እሁድ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ይታያል።

ጎሚስታው አሁን የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ነው። ትናንት መጋዘን ጠርቶኝ ሸራው ላይ ሁለት የተቀደደ ቦታ አሳየኝ። ክረምቱ ሳይገባ ይሰፋ ብሎኛል።