ቁም ሳጥን የሚራገፈው በጥቅምት ነው

ኅዳር 12 ቀን «ኅዳር ሲታጠን» ተብሎ አዲስ አበባ በጭስ ትታፈናለች። ልማዱ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከጨረሰው የኅዳር በሽታ የቀረ ነው፤ በዚያ ቀን ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ቁም ሳጥኑ ግን ከዚያ ቀድሞ መራገፍ አለበት። ትክክለኛው ወር ጥቅምት ነው፦ ዝናቡ አባርቷል፣ አየሩ ደርቋል፣ ልብሱ ክረምቱን ሙሉ የጠጣው እርጥበት ግን ገና አልወጣለትም። ሐምሌ ላይ ልብስ አውጥቶ መልሶ ማጠፍ እርጥበቱን አብሮ ማጠፍ ነው። ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ገናና ጥምቀት ስለሚደርሱ ልብስ ሰፊው በወረፋ ተጨናንቆ ይገኛል።

አንድ ቅዳሜ ይበቃል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጀምሩና ሁሉንም አውጡ። «ዛሬ ይቺን መደርደሪያ ብቻ» ካላችሁ ልብሱ ቦታ ይቀያየራል እንጂ አይቀንስም።

ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ፈቀቅ አድርጋችሁ ጀርባውን እዩ። በኮንዶሚኒየምም ሆነ በድሮ ቤቶች ቁም ሳጥን ብዙ ጊዜ ከውጪ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ነው የሚቆመው። የውጪ ግድግዳ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ወጥ ሲሠራና ውሃ ሲፈላ የሚወጣው እንፋሎት እዚያ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ሲያርፍ ውሃ ይሆናል፣ ጥቁር ነጠብጣብ የሚመስለው ሻጋታም ከዚያ ይነሳል። ስለዚህ በሳጥኑና በግድግዳው መካከል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይተው። ቦታ ካለ ደግሞ ጨርሶ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ማዞር ይሻላል። ሻጋታውን ኮምጣጤና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሳጥኑ የተሠራበት ችፑድ ወይም ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራ የእንጨት ሰሌዳ) ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ካበጠ ደግሞ አይመለስም። በኮምጣጤው ላይ በረኪና በፍጹም አትጨምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከዚያ በሮቹ እስከ ማታ ተከፍተው ይዋሉ።

ልብሱም ውጪ ይዋል፣ ግን እንደየዓይነቱ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ቀለም ታደበዝዛለች። ጥቁርና ደማቅ ልብስ ተገልብጦ ጥላ ውስጥ ይሰጣ። ነጩ፣ ብርድ ልብሱና ጋቢው ቀጥታ ፀሐይ ይግባ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጋቢ ላይ ነው። ነጠላ ሁለት ድርብ ነው፣ ጋቢ አራት። ላዩ ደርቆ እጅ ላይ ሲሞቅ መሃሉ ገና እርጥብ ነው። ከፀሐይ ስታነሱት ወዲያው አትመኑት፤ ሩብ ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆዩትና አጥፋችሁ ጉንጫችሁ ላይ ጫን አድርጉት። ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም፣ ሌላ አንድ ቀን ይጨመርለት። ያልደረቀ ጋቢ ከታች ተቀምጦ ሌላው ልብስ ከላይ ሲደረደርበት እርጥበቱ ወደ ላይ ይወጣና ጠቅላላ መደርደሪያው ይሸታል። ከዚያ በኋላ አንዱን ብቻ ማጠብ አይፈይድም።

አሁን መለየት ነው። በውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ «የቅዝቃዜ ወቅት ልብሳችሁን በካርቶን አሽጋችሁ አስቀምጡ» የሚለው ምክር ለእኛ አይሆንም። በዝናቡም በበጋውም ሹራብ እንለብሳለን። ከኅዳር እስከ ጥር ንጋት ላይ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ ቀትር ላይ ከ20 በላይ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት ማለት ነው። ስለዚህ ልብሱን በወቅት ሳይሆን በሚለበስበት ጉዳይ መለየት ይሻላል፦ የሥራ፣ የቤት፣ የክብረ በዓል፣ የዝናብ። አንድ ተጨማሪ ምድብ ደግሞ ፈጽሞ መረሳት የለበትም፦ የልቅሶ። ጥቁሩ ልብስና ነጠላው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአንድ ማንጠልጠያ ላይ አብሮ ይሰቀል። የልቅሶ ጥሪ ቀጠሮ የለውም፤ ሌሊት መብራት ጠፍቶ እንኳ በእጅ ዳሰሳ የሚገኝ መሆን አለበት።

አናጺ የምታሠሩ ከሆነ ልኩን ራሳችሁ ንገሩት። የሳጥኑ የውስጥ ጥልቀት ቢያንስ 55፣ ቢቻል 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ካነሰ ማንጠልጠያው በሩን ይገፋል። ለሸሚዝና ለኮት ከብረቱ በታች 1 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይበቃል፤ ረጅም ቀሚስ 1.5 ሜትር ይፈልጋል። ሸሚዝ ብቻ ከሆነ ሁለት ብረት አንዱን ከአንዱ በላይ ማስገጠም ይቻላል፤ ይኼ ብቻውን የመስቀያ ቦታውን እጥፍ ያደርጋል። ብረቱ ከ1 ሜትር ከበለጠ መሃሉ ላይ ድጋፍ ይደረግለት፣ አለበለዚያ ይጎብጣል። የመደርደሪያዎቹ ከፍታ ልዩነት 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ ሹራቡ እንደ ግንብ ተቆልሎ የታችኛውን ለማውጣት ስትሞክሩ ሁሉም ይናዳል። አንድ ሸሚዝ ከ2 እስከ 3፣ አንድ ኮት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይወስዳል። በ90 ሳንቲ ሜትር ብረት ላይ 30 ሸሚዝ ከሰቀላችሁ ሞልቷል ማለት ነው።

ላውንዴሪ የሚሰጠውን ቀጭን የሽቦ ማንጠልጠያ ለኮት አትጠቀሙበት፤ ትከሻው ላይ ጉብታ ያወጣል። ላስቲኩንም ቤት እንደደረሳችሁ አውልቁት፣ እንፋሎት ያፍናል። ሹራብ አይሰቀል፣ ይታጠፍ።

ብል ስለሚባለው ነገር ብዙ ገንዘብ በከንቱ ይወጣል። ብል የሚበላው ሱፍ፣ ሐርና ጸጉር ነው። ንጹሕ ጥጥ አይጥመውም፤ ጥጥ ላይ የሚመጣው ወጥ ወይም ላብ ከነካው ነው። የሚበላውም የምትበረው ትንሽ የእሳት እራት ሳትሆን ትሏ ናት፤ የምትደበቀው ከኮሌታ ሥር፣ ኪስ ውስጥና ስፌት ላይ ነው። የሱፍ ኮቱን ውጪ አውጥታችሁ እነዚህን ቦታዎች በብሩሽ ጥረጉ። ጥርጣሬ ካለ ሹራቡን በላስቲክ አሽጋችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሳምንት አቆዩት። ናፍታሊን የሚሠራው በተዘጋ ሻንጣ ውስጥ ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ከሸተታችሁ እየሳባችሁት ነው፣ ብሉ ግን አልሞተም። ከሕፃን ልብስ ጋር ጨርሶ አይቀመጥ፤ በዘር የኢንዛይም እጥረት ያለባቸውን ሕፃናት ቀይ የደም ሴል ይሰባብራል። የጽድ ፍልጥ ሽታው ደስ ይላል፣ ብል ግን አይገድልም።

የሐበሻ ቀሚስ የራሱ ሥርዓት አለው። ጥበቡና ጥልፉ ከባድ ስለሆነ ለወራት ከተሰቀለ ፈትሉ ይረዝማል፣ ትከሻው ይለቃል። ንጹሕ ቢመስልም ሳይታጠብ አይቀመጥ። ጥምቀት ላይ ያልታየ ላብ በፋሲካ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ያን ቢጫ በበረኪና ለማስለቀቅ መሞከር ያባብሰዋል፤ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ዘፍዝፎ በእጅ ማጠብ ይሻላል። አትጠምዝዙት፣ በፎጣ ተጫኑት። ካውያው በግልባጩ ይሂድ። ስታጥፉት በየእጥፋቱ መካከል ከአሮጌ ነጭ አንሶላ የተቆረጠ ጨርቅ አስገቡ። ጋዜጣ አይሆንም፣ ቀለሙ ይጋባል፤ ፌስታልም አይሆንም። በየሦስት ወሩ አውጥታችሁ እጥፋቱን በሌላ መስመር ቀይሩት፤ ሁሌ በአንድ መስመር የታጠፈ ፈትል በዚያው ይበጠሳል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው እንዲለበስ እንጂ ሳጥን ውስጥ እንዲበጣጠስ አይደለም።

አዲስ ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት «ይጠገን» ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ክምር ይዛችሁ ልብስ ሰፊ ጋ ሂዱ። በእኔ እምነት አብዛኛው ሰው የሚጎድለው ልብስ ሳይሆን ልክ የሆነ ልብስ ነው። ሱሪ ማሳጠር፣ ጎን ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር፣ የተበላ የሸሚዝ ኮሌታ ፈትቶ መገልበጥ ቀላል ሥራ ነው። ወገብ ማስፋት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ሱሪውን ገልብጡና የኋላ ስፌቱን እዩ፤ በየጎኑ 2 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ካለ ይሰፋል፣ ከሌለ አይሰፋም። የኮት ትከሻ ግን አታስነኩ፤ ገበሩም እጅጌውም ተፈትቶ እንደገና ነው የሚሰፋው፣ ጥቂት ሰፊ ብቻ ያሳምረዋል። የጥጥ ሱሪ ወይም ጂንስ ከመቆረጡ በፊት አንድ ጊዜ ይታጠብ፤ ከተቆረጠ በኋላ ቢሟሽሽ ቁርጭምጭሚት ላይ ይቀራል። ለመለካትም የምትጫሙትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ።

የጎደለውን ከሳልቫጅ የምትገዙ ከሆነ ልብሱን ከሱቁ ጨለማ ወደ ደጅ አውጡት። ብብቱን፣ የሱሪውን መቀመጫና የኮሌታውን ውስጥ ወደ ብርሃን ዘርጋችሁ እዩ፤ ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ ከሁለት እጥበት በኋላ ይቀደዳል። ቤት ከመጣ በኋላ ሳይታጠብ ሳጥን ውስጥ አይግባ።

የሚወጣው ልብስ ታጥቦ ይውጣ። የሚለበሰውን እንደ መቄዶንያ ላሉ የእርዳታ ማዕከላት ስጡ። መካከለኛውን «ልዋጭ!» እያለ በሰፈሩ ለሚዞረው ልጅ በሳህን ወይም በሳፋ መለወጥ ይቻላል። ጨርሶ ያለቀው ጥጥ ለወለል መወልወያ ይቆረጥ። ፖሊስተር ግን ኅዳር 12 እሳት ውስጥ አይግባ፣ ጭሱ ሰው ያምማል።

የተረፈውን ስትሰቅሉ የማንጠልጠያዎቹን መንጠቆ ሁሉ ወደ እናንተ አዙሩ። አንድ ልብስ ለብሳችሁ ስትመልሱ ወደ ውስጥ አዙሩት። ከጥቅምት እስከ ፋሲካ ብርዱም፣ ሙቀቱም፣ ዋና ዋናዎቹ በዓላትም ያልፋሉ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ እናንተ እንደዞረ የቀረውን አውጡት። የዝናብ ጃኬቱን ግን አትቁጠሩት፣ የእሱ ተራ ሰኔ ላይ ነው።