ጨረፍታ ነው ብለን የጠራነው ፊልም

አንድ የጥሪ ካርድ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል።

ፊልሙ ቅዳሜ ሊመረቅ ነው። ከዚያ በፊት ማክሰኞ ማታ ለኤምባሲ ሰዎችና ለጋዜጠኞች ሙሉውን እናሳይ ተባለ። የእንግሊዝኛውን ካርድ የምጽፈው እኔ ነኝ። «አድቫንስ ስክሪኒንግ» አልኩ። ፊልም ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት ለተጋበዘ ሰው ሲታይ የሚባለው እንደዚያ ነው። «ፕሪቪው» ቢባልም ያስኬዳል።

ሥራ አስኪያጃችን ካርዱን አየት አደረጉና እስክሪብቶ አነሱ።

«አድቫንስ ምንድን ነው? ሰውን ቀብድ ልንጠይቅ ነው እንዴ?»

«ጋሼ፣ እዚህ ቦታ ላይ ቀደም ያለ ማለት ነው። ገንዘብ የለበትም።»

«ተዪው፣ ስኒክ ፒክ በዪ። ሞቅ ያለ ቃል ነው።»

ቃሉ በራሱ ጥፋት የለበትም። ግን ስኒክ ፒክ ጨረፍታ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚለቀቅ አንድ ሁለት ትዕይንት፣ ጥቂት ደቂቃ። ሰው አስቀምጠህ ሙሉ ፊልም ስታሳየው አይሆንም። «ስኒክ የሚለውን ከወደዱት ስኒክ ፕሪቪው እንበለው፣ እሱ ለሙሉ ፊልምም ይሆናል» አልኩ። ረዘመ አሉ። ካርዱ ከእሳቸው ጠረጴዛ በቀጥታ ማተሚያ ቤት ሄደ። ከመታተሙ በፊት ለእርማት የሚወጣውን ናሙና፣ ፕሩፉን፣ እኔ አላየሁትም።

ታትሞ ሲመጣ ሌላ ጉድ። በእኛ ፊደል ሁለቱም ያው ፒክ ነው። በላቲኑ ግን በሁለት ኢ ሲጻፍ ማጮለቅ ነው፤ በኢ እና በኤ ሲጻፍ የተራራ ጫፍ። እኛ የጠራነው ተራራው ላይ ነበር። ይህን ስህተት እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ይሠሩታል፤ እሱስ ይታለፋል።

ያልታለፈው ማክሰኞ ማታ የሆነው ነው። ፊልሙ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ነው። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ከፊት ረድፍ አንዲት እንግዳ ተነሱ። በሩ ላይ ደረስኩባቸው። የተወሰነ ትዕይንት ብቻ የሚታይ መስሏቸው ሌላ ቀጠሮ መያዛቸውን በትህትና ነገሩኝ። ከኋላቸው ሌሎች አራት ሰዎች ወጡ።

ዳይሬክተሩ ጥግ ቆሞ ነበር። ሦስት ዓመት የለፋበት ሥራ ነው። ዓይኑ ባዶዎቹ ወንበሮች ላይ ነው። ሄጄ፣ ፊልሙን ጠልተው አይደለም፣ ካርዱ ነው ያሳሳታቸው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ያመነኝ አይመስለኝም።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ጋሼ፣ ፊልሙ መሃሉ ይንዛዛል፣ ሰው መሰልቸቱን በዓይኔ አይቻለሁ አሉ። ካርዱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ያቺ እንግዳ ያሉኝንም ተናገርኩ።

«እሱ አሁን ምን ያደርጋል?» አሉኝ።

ዳይሬክተሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከመሃሉ 12 ደቂቃ ተቆረጠ። እናትየው ብቻዋን ቡና የምታፈላበት፣ እኔ በጣም የምወደው ትዕይንት አብሮ ሄደ። ቅዳሜ ያለ እሱ ተመረቀ።