የተቃጠለ ዘይትና የበጋ ፀሐይ፦ በበሬሳ ወንዝ ላይ ምን ይሆናል?

ክረምት ላይ የደብረ ብርሃኑ የበሬሳ ወንዝ ሞልቶ ሲደፈርስ ከጋራዥና ከላቫጆ የወረደው ዘይት አብሮ ይጠረጋል፤ ሰውም «ወንዙ ተበላሸ» የሚለው ያኔ ነው። ውሃው ውስጥ ለሚኖሩት ግን የሚከፋው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው ባይ ነኝ። ውሃው ያንሳል፣ ይጠራል፣ ሰማዩም ቀኑን ሙሉ ደመና አይይዘውም። ዘይቱ ያው፣ መጠኑም ያው ሆኖ ጥላ ላይ የማይገድለው ፀሐይ ላይ ይገድላል።

ነገሩን የሚያመጡት ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉት ውህዶች ናቸው፤ ባጭሩ «ፓህ» እንበላቸው። ድፍድፍ ነዳጅና ናፍጣ ውስጥ አሉ። አዲስ የሞተር ዘይት ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ ሞተር ውስጥ ሲሠራ ከርሞ የወጣው ጥቁሩ ግን ከነዳጁ ቃጠሎ የመጣ ፓህ ተጠራቅሞበታል። ሁሉም እኩል አይደሉም። ሁለት ቀለበት ያለው ናፍታሊን በፀሐይ ምክንያት ያን ያህል አይብስም፤ አንትራሲን፣ ፍሎራንቲንና ፓይሪን ግን ይብሳሉ። እንስሳው ሰውነት ውስጥ ከገቡ በኋላ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ጉልበቱን ይውጡና አጠገባቸው ላለው ኦክስጅን ያስተላልፉታል። እንዲህ የተቆጣው ኦክስጅን የሴሉን ሽፋን ስብ ይበላዋል። ዓሣ ላይ ቀድሞ የሚጎዳው ስንጥቡ ነው፤ ውሃው ውስጥ አየር እያለ ይታፈናል። ክፋቱ ደግሞ ፓሁ በዚህ ሥራ አያልቅም፤ ጉልበቱን ከሰጠ በኋላ ወደ ነበረበት ተመልሶ ሌላ ጨረር ይጠብቃል። ሌላም መንገድ አለ፦ ብርሃኑ ውሃ ላይ ያለውን ፓህ ራሱን ኪኖን ወደሚባል ሌላ ጎጂ ውህድ ይለውጠዋል፤ ኪኖን ደግሞ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ኮስኮ ቡሳን የተባለች መርከብ ድልድይ ገጭታ ከባድ የመርከብ ነዳጅ ስታፈስስ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በቀጣዩ ዓመት ሄሪንግ የተባለው ዓሣ እንቁላሉን ሲጥል፣ ባሕሩ ሲሸሽ ፀሐይ በሚያገኘው ዳርቻ ላይ የነበሩት ሽሎች ሥጋቸው እየፈረሰ አለቁ። ወረድ ብለው ጥልቁ ውሃ ውስጥ የተቀመጡት ግን ልባቸው ቢጎዳም በሕይወት ቆዩ።

እንግዲህ ይህ የሆነው ባሕር ዳርቻ ነው። ጨረሩ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ ከ2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ስለምትወርድ ጨረሩ ይቀንስላታል፤ ሙቀቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ቁርጭምጭሚት በማይሞላ ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ ጨረሩ እስከ ጠጠሩ ይደርሳል። ቀድመው የሚያልቁት ገላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ የዓሣ ጫጩቶች፣ ዳፍኒያ የምትባለው ደቃቃ የውሃ ነፍሳትና የእንቁራሪት እጮች ናቸው። የክረምቱ ድፍርስ ውሃ በዚህ በኩል ባለውለታ ነው፤ ጭቃውና ከቅጠል የሚወጣው ቡናማ ቀለም ጨረሩን ያስቀሩታል።

ይህን በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማየት ይቻላል። 1 ግራም የተቃጠለ ዘይት 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ አድርጋችሁ፣ ጨለማ ቦታ ከ18 እስከ 24 ሰዓት በዝግታ አማስሉት። አዙሪቱ ከውሃው ጥልቀት ሩብ ማለፍ የለበትም፤ ከበረታ የዘይት ጠብታ ይገባና ውጤቱ ይምታታል። 6 ሰዓት አርግታችሁ ከላይ ያለውን ዘይት ሳትነኩ ከሥር ያለውን ውሃ ቅዱ። ዕቃው ሁሉ ብርጭቆ ይሁን፤ ፓህ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል። የቀዳችሁትን ሳይቀጠን፣ በግማሽና በሩብ አዘጋጁና በእያንዳንዱ ዕቃ ከተወለደች 24 ሰዓት ያልሞላት ዳፍኒያ አሥር አሥር ጨምሩ። ሌሊቱን ጨለማ ውስጥ ያድሩ። በማግሥቱ ግማሹን ዕቃ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ፀሐይ ላይ አውጡ፣ ግማሹ ጨለማ ውስጥ ይቆይ። ዘይት ያልነካው ውሃም እንዲሁ ፀሐይም ጨለማም ላይ መኖር አለበት። አለበለዚያ የገደለው ፀሐይ ብቻዋን ይሁን፣ ወይም ዘይቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ መለየት አይቻልም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ፀሐዩ ላይ ነው። ትንሽ ብርጭቆ ቶሎ ይግላል፣ ዳፍኒያዎቹን ሙቀት ይገድልና ሰው «ዘይቱ ነው» ይላል። ዕቃዎቹን ሰፊ ሳፋ ውሃ ውስጥ አስቀምጣችሁ ቴርሞሜትር ክተቱበት፤ ከ22 ዲግሪ አይለፍ። በመስኮት መስታወት አትክደኑ፣ ከጨረሩ ኃይለኛውን ክፍል ያስቀራል፤ ፖሊካርቦኔት የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ደግሞ ከናካቴው አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ክዳን ካስፈለገ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ፌስታል ይሻላል። ቆጠራው በ24ኛው ሰዓት ነው፤ ዕቃው ቀስ ተደርጎ ተነቅንቆ በ15 ሰከንድ ውስጥ ያልተንቀሳቀሰችው እንደሞተች ትቆጠራለች። የቤተ ሙከራ አምፖል ሥር ብቻ የተደረገ ምርመራ «ችግር የለውም» ቢል አልተማመንበትም፤ አምፖሉ ይህ ጨረር የለውም ማለት ይቻላል።

ወደ ጋራዡ እንምጣ። ከአንዲት የቤት መኪና 4 ሊትር ያህል ዘይት ይወጣል። ውሃ ላይ በአንድ ሺሕኛ ሚሊሜትር ውፍረት ቢዘረጋ 4,000 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ያ ቀስተ ደመና የሚመስለው ነገር ውፍረቱ ይኸው ነው። ጀሪካን ውስጥ ማጠራቀም ነው መፍትሔው። መሬት ላይ የፈሰሰውን ሰጋቱራ ነስንሶ መጥረግ ነው እንጂ በሳሙና አጥቦ ወደ ቦይ መልቀቅ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሳሙናው ዘይቱን ይበታትነውና ፓሁን ውሃው ውስጥ ያስገባዋል። ላቫጆ ላይ የሚሠራው መለያ ጉድጓድም የሚሠራው ዘይቱ ሲንሳፈፍ ስለሆነ ሳሙና ከበዛበት ዋጋ የለውም።

ሌሊት መድፋትም አያድንም። ጨለማ ላይ ፓሁ ያለ ችግር ውሃው ውስጥ ያሉት እንስሳት ሰውነት ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት ውሃው ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ የዋጡት ከውስጣቸው ሳይወጣ ፀሐይ ትደርስባቸዋለች።