የማን ደጋፊ ነን? ሁለት ቀን በዴልፊ

የግሪክን አማልክት መጀመሪያ ያወቅኋቸው ከሐዋርያት ሥራ ነው። ልስጥራን ላይ ሽባው ተነሥቶ ሲራመድ ያየ ሕዝብ፣ አማልክት ሰው መስለው ወረዱ ብሎ በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ይላቸዋል፤ የድያ ካህንም ኮርማ እየነዳ ሊሠዋላቸው ይመጣል። የእህቴ ልጅ ግን ያወቃቸው ከትምህርት ቤት ነው። አቴንስ ተወልዶ ያደገ፣ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል የገባ ልጅ ነው። የግሪክ ተማሪ ታሪክ የሚጀምረው ሦስተኛ ክፍል ላይ ሲሆን፣ የዚያ ዓመት ታሪክ ደግሞ አፈ ታሪክ ነው፤ ከአማልክቱ ትውልድ እስከ ትሮይ ጦርነት። የደረስኩ ዕለት ማታ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቶ «ይሄ ዲያስ ነው፤ አለቃቸው» አለኝ። መብረቁን ሳይ ነው የገባኝ፤ ዜውስን ዛሬም ዲያስ ነው የሚሉት። «ድያ!» ብዬ ጮህኩ። እህቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ «ምን ሆናችሁ?» አለች።

ጥንት የአምላካቸው የአፖሎ ትንቢት ይጠየቅባት ወደነበረችው ወደ ዴልፊ የሄድነው ጥቅምት 18፣ በእነሱ ኦክቶበር 28 ነው። ቀኑ «ኦኺ» የሚሉት በዓል ነው። ኦኺ ማለት እምቢ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ለሙሶሊኒ የሰጡት መልስ። ለእኛ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው በዓል አይደለም። ለልጁ ትምህርት የለም፤ የመንግሥት ሙዚየሞችም በዚያ ቀን መግቢያ አያስከፍሉም። እህቴ ግን የምትንከባከባቸውን አሮጊት ጥላ መሄድ አልቻለችም። የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችን፤ በር ላይ ደግሞ «ገደል አፋፍ እንዳታስጠጋብኝ» ብላ አስማለችኝ።

ከአቴንስ ዴልፊ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውቶቡስ ወደ ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ቴባ ሲታለፍ ሜዳው የጥጥ ማሳ ነው። ሊቫዲያ ስንደርስ አስጎብኚዬ፣ ልጁ፣ ከእንቅልፉ ነቃ። እዚህ ከተማ ትሮፎንዮስ የሚባል ጠንቋይ መንፈስ በጉድጓድ ውስጥ ነበር፤ ሊጠይቀው የሚገባ ሰው አስቀድሞ ከሁለት ምንጭ ይጠጣል፤ ከአንዱ ያለፈውን ሊረሳ፣ ከሌላው የሚያየውን ሊያስታውስ። ልጁ ይሄንን አያውቅም ነበር፤ ከጉዞው በፊት አንብቤ ያመጣሁለት የእኔ ድርሻ ነው። ትንሽ አሰበና «ለፈተና የትኛው ነው የሚጠጣው?» አለ።

ከዚያ በኋላ ተራራ ነው። አራኾቫ ገደል ላይ እንደ ተለጠፈች ታልፋለች፤ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ሲሉ ዴልፊ። ከላይ ፌድርያዴስ የሚባሉት ሁለት ቋጥኞች ተገትረዋል፤ ከታች ሸለቆው ወይራ ብቻ ነው፤ ብርማ አረንጓዴ ሆኖ እስከ ባሕሩ ድረስ ይወርዳል። ዜውስ ሁለት ንስሮች ከምድር ጫፍና ጫፍ ለቆ የተገናኙት እዚህ ነው ይላሉ፤ ስለዚህ ቦታው የዓለም እምብርት ነው። የድሮዋ ባለቤት መሬት ራሷ፣ ጋይያ ነበረች፤ ጠባቂዋ ደግሞ ፒቶን የሚባል ዘንዶ። አፖሎ መጥቶ ዘንዶውን በቀስት ገደለና ቦታውን ወሰደ። ትንቢት ተናጋሪዋ ሴት «ፒቲያ» የተባለችው በዚያ ዘንዶ ስም ነው። ፊልጵስዩስ ላይ ጳውሎስን እየተከተለች ስትጮህ የነበረችው ገረድ የምዋርተኝነት መንፈስ ነበረባት ይላል የእኛ መጽሐፍ፤ የግሪክኛው ቃል ግን «ፒቶን» ነው። ያንን ሳውቅ ፍርስራሹ ድንገት ቀረበኝ።

በመንገዱ ዳር የካስታሊያ ምንጭ አለ። ቋጥኝ ስለሚወርድ ወደ ውስጥ መግባት ተከልክሏል፤ ውኃው ግን ከመንገዱ ዳር ይፈሳል። ፕላስቲኬን ሞላሁ፤ ጸበል ያለበት አገር ልጅ ምንጭ አልፎ መሄድ አይሆንለትም። ካስታሊያ ከአፖሎ ሸሽታ እዚህ ውኃ ውስጥ የገባች ኒምፋ ናት ይባላል፤ ኒምፋ የምንጭ፣ የዛፍ ወይም የዋሻ መንፈስ የሆነች ልጃገረድ ናት። ዳፍኒም ከእሱ ሸሽታ ዛፍ ሆናለች። ልጁ «ሁሉም ለምን ከአፖሎ ይሮጣሉ? ቆንጆ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ዳፍኒ የሆነችውን የዛፍ ቅጠል ግን ግሪኮች እስከ ዛሬ በስሟ እየጠሩ ምስር ሾርባ ውስጥ ይጨምሯታል፤ የአሸናፊዎች አክሊል የነበረች ቅጠል ድስት ውስጥ ስትንሳፈፍ እህቴ ቤት አይቻታለሁ።

ቤተ መቅደሱን በፍጥነት ነው ያለፍነው፤ ከመሠረቱ በላይ የቆሙት ስድስት ዓምዶች ናቸው፣ ሰውም ብዙ ነበር። እኔ የቸኮልኩት ለሙዚየሙ ነው። ጎብኚው ሁሉ የሚሄደው ወደ ነሐሱ ሠረገላ ነጂ ነው፤ እውነትም የሚያስቆም ሥራ ነው፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት ሳይቀር። እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ነበር። ሲፍኖስ የምትባል ደሴት ሰዎች ከወርቅና ከብር ማዕድናቸው ባገኙት ሀብት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 525 ገደማ፣ ለአፖሎ የእብነ በረድ ግምጃ ቤት አሠርተው ነበር። በግምጃ ቤቱ አናት ዙሪያውን የሚሄድ ቅርጽ አለ፤ ቁመቱ ከአንድ ክንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በምሥራቁ በኩል ያለው ቅርጽ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ ሜምኖን በትሮይ ጦርነት ከግሪኮቹ ጀግና ከአኪሌስ ጋር ሲዋጋ ያሳያል።

ልጁን ፊቱ አቆምኩት። በቀኝ በኩል ውጊያው ነው። አንድ ሰው መሬት ላይ ወድቋል፤ የግሪኮቹ ሽማግሌ የኔስቶር ልጅ አንቲሎኮስ ነው፤ የገደለው ሜምኖን ነው። በሬሳው ላይ ሁለት ወገን ተፋጧል፤ ከግራም ከቀኝም የሠረገላ ፈረሶች ቆመዋል፣ አራት አራት። በግራ በኩል ደግሞ አማልክቱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይመለከታሉ። መቀመጣቸው ነው የሚገርመው። ዜውስ ከመሐል ባጌጠ ዙፋን ላይ ነው፤ የትሮይ ወዳጆች በአንድ ወገን፣ የግሪክ ወዳጆች በሌላ ወገን። የጦርነት አምላክ ኤሬስ ጋሻውን ይዞ ጥግ ላይ ነው። አፖሎ ዞሮ ኋላው ላለችው እህቱ ለአርጤምስ አንድ ነገር ይላታል፤ ዳኛው ሲያጠፋ አጠገባችን ላለው ሰው የምንለውን ዓይነት ይመስላል።

«ስታዲየም ነው» አለ ልጁ። ከዚያ ወዲያው፣ «እኛ የማን ደጋፊ ነን?»

በክፍሉ ሁሉም አኪሌስ ነው የሚሆኑት፤ እረፍት ሰዓት ላይ አኪሌስ ለመሆን ይጣላሉ። ሜምኖንን የሰማው ያኔ ነበር። ታሪኩን እዚያው ቆመን ነገርኩት። የጎህ አምላክ የኤኦስ ልጅ ነው፤ አባቱ ቲቶኖስ የትሮይ ንጉሥ የፕሪያሞስ ወንድም ነው። ስለዚህ ሜምኖን ሠራዊቱን ይዞ የመጣው አጎቱን ሊረዳ ነው። «እሱም አጎት ነበረው?» አለ፤ ነበረው አልኩ። የአኪሌስ እናት ቴቲስም የባሕር ኒምፋ ናት። ሁለት እናቶች ስለ ልጆቻቸው ዜውስን ለመኑት፤ የሁለቱም ነፍስ ሚዛን ላይ ወጣች፤ የሜምኖን ወደ ታች ወረደች። ኤኦስ እስከ ዛሬ ታለቅሳለች፤ ጠዋት ሣር ላይ የሚታየው ጤዛ እንባዋ ነው ይላሉ። ልጁ ሰምቶ ሲያበቃ ድንጋዩን ጠጋ ብሎ አየና «ግን እኛን አይመስልም» አለ።

አይመስልም። የግሪክ ሠዓሊዎች ሜምኖንን እንደ ማንኛውም የራሳቸው ጀግና አድርገው ነው የሚሠሩት፤ ጥቁር አድርገው የሚስሉት ተከታዮቹን ነው። «አይቲዮፕስ» የሚለው ቃል ፊቱ በፀሐይ የተጠበሰ እንደ ማለት ነው፤ ከግብፅ በላይ ላለውም፣ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትገባበት የዓለም ጫፍ አለ ለተባለውም ሕዝብ ሁሉ የሚሰጥ ስም ነበር። ስለዚህ የጥንቱ ባለቅኔ ሆሜር ኢትዮጵያ ባለ ቁጥር ጎንደርንና አክሱምን አለ እያሉ ደረት መንፋት አልወድም። ቢሆንም ስሙ ሲጠራ ጆሮ ይቆማል። በሆሜር ኢሊያድ ውስጥ ይቺው ቴቲስ ለልጇ ዜውስን ልትማልድ ስትነሣ፣ ዜውስ የለም፤ ትናንት ነውር ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ለድግስ ሄዷል፣ አማልክቱ ሁሉ ተከትለውታል፣ የሚመለሰው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው ትለዋለች። ኃላፊው መስክ ስለወጡ ባለጉዳይ ተመለስ የሚባልበት ጥንታዊው ምሳሌ ይመስለኛል። ከትሮይ የሚመለሰው ኦዲሴውስም ወደ አገሩ መንገድ ያገኘው ጠላቱ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን እኛ ዘንድ መቶ ኮርማና አውራ በግ ታርዶለት በነበረ ጊዜ ነው። «እኛ ዘንድ» አልኩ መሰለኝ። አሁን ነው የነቀፍኩት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዴልፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ካወጣቻቸው ትንንሽ የብር ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ላይ የአፍሪካዊ ሰው ራስ አለ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ዴልፎስ ከሚባል ሰው ነው፤ እናቱ በአንዱ ታሪክ ሜላይና የምትባል የወንዝ ልጅ ናት፤ ሜላይና ማለት ጥቁሯ ነው። ሳንቲሙ እሱን ያሳያል የሚሉ አሉ፤ የማይቀበሉም አሉ። ልጁ ግን ወዲያው ተቀበለ።

ያደርንበት ማረፊያ ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። እራት ስታቀርብ የነበረችውን ወጣት እያሳዩን «ኢ ኒፊ ሙ» አሉ። ልጁ ተረጎመልኝ፦ «ኒምፋዬ ናት አሉ።» ሳቅን፤ ለካ ኒፊ ሙሽራም ምራትም ማለት ነው፤ ከኒምፋ ጋር አንድ ቃል ነው። ኒምፋ ማለት መጀመሪያውኑ ለአቅመ ሄዋን የደረሰች ልጅ፣ ሙሽራ ማለት ነበር። ምንጩም፣ ዛፉም፣ ዋሻውም ሙሽራ ነበረው ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት በታክሲ በአራኾቫ በኩል ፓርናሶስ ላይ ወጣን። ፓርናሶስ ጫፉ 2,457 ሜትር ነው፤ እኛ የምንሄደው ከግማሹ ትንሽ ከፍ ወዳለው ወደ ኮሪኪዮን ዋሻ ነበር፤ የእረኞች አምላክ የፓንና የኒምፎች ቤት። በመንገድ ላይ የኒምፋ ዕድሜ አሰላን። የጥንቱ ገጣሚ የሄሲኦድ ነው የሚባል ስሌት አለ፤ የዴልፊው ካህን ፕሉታርክ ነው ያቆየልን። ቁራ የሰውን ዘጠኝ ዕድሜ ትኖራለች፤ አጋዘን የቁራን አራት፤ ትልቁ ቁራ የአጋዘንን ሦስት፤ ፊኒክስ የትልቁን ቁራ ዘጠኝ፤ ኒምፋ የፊኒክስን አሥር። ልጁ በስልኬ አባዝቶ 9,720 አለኝ። ስለዚህ ይሞታሉ። አማልክቱ አይሞቱም፤ ኒምፎች ግን ረጅም ኖረው ይሞታሉ፤ የዛፍ የሆኑትማ ዛፉ ሲቆረጥ አብረው። ሾፌሩ ሲሰማን ቆይቶ በልጁ በኩል ተቃወመ፤ አያቱ ምንጭ አጠገብ በሌሊት አትለፍ፣ ኔራይዶች ልብህን ይሰውሩሃል ይሉት ነበር፤ አንዷን ለማግባት የፈለገ ሻሿን መንጠቅ አለበት። ከቆሌና ከውቃቢ አገር ለመጣሁት እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ሻሽ መንጠቁ ብቻ ነው አዲስ የሆነብኝ።

ታክሲው ካቆመን በኋላ ያለውን በእግር ነው የሄድነው፤ ሣሩ ረጥቦ የልጁ ጫማ በሰበሰ። «የሜምኖን እናት» አለ እያራገፈ፣ ተናዶ።

የዋሻው አፍ ጠባብ ነው፤ ሲገቡ ግን ድንገት ይሰፋል፤ አዳራሹ ወደ 60 ሜትር ይዘልቃል። መሬቱ ያንሸራትታል፤ ከጣሪያው ውኃ ጠብ ይላል፤ የስልክ መብራት ሲነካቸው ከወለሉ የበቀሉት የኖራ ዓምዶች ነጠላ የለበሱ ሰዎች ይመስላሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ፋርሶች ሲመጡ የዴልፊ ሰው የተሸሸገው እዚህ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምረው ሲቆፍሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ምስሎችና ከ20,000 በላይ የበግና የፍየል የቁርጭምጭሚት አጥንቶች አገኙ፤ እንደ ዛር ጠጠር የሚጣሉ፣ ልጆችም የሚጫወቱባቸው ትንንሽ አጥንቶች። ወርቅ የለም፤ ወርቁ ታች አፖሎ ጋ ነው የቀረው። እዚህ የወጣው ድኻ፣ እረኛና ልጅ መሆን አለበት። ሲፍኖሶች ግምጃ ቤት ሠሩ፤ አንዱ ልጅ ደግሞ መጫወቻውን ይዞ ይሄን ዳገት ወጣ። ለማን ይሆን የለመነው? ከሁለቱ እኔን የነካኝ የኋለኛው ነው።

ጨለማው ውስጥ ሳላስበው አማተብኩ። ልጁ መብራቱን ፊቴ ላይ አድርጎ «ለማን ነው?» አለ። «ለብርዱ» አልኩት።

ማታ አቴንስ ስንገባ እህቴ ምን አያችሁ ብላ ጠየቀችው። በግሪክኛ ረጅም ነገር አወራላት፤ እኔ የያዝኩት «ሜምኖን»ንና «ኤቲዮፒያ»ን ብቻ ነው። ሳቀች። ምን አለሽ አልኳት።

«ተሸነፍን አለኝ፤ ግን የመልሱ ጨዋታ በሜዳችን ነው።»